ትርፍ እና ትርፍራፊ

(በሬድዮ ከቀረበ ንግግር)

  

 ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምግብ ነው፤ ስለ አበሳሰሉ ሳይሆን ስለሚተርፈው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው የጎጃም ከተማ ሰርግ፣ ዒድ ወይም ሰደቃ ሲያበቃ ከድስት የሚቀር ወጥ፣ ከሞሰብ የሚቀር እንጀራ አለ። በዚያው ሌሊት፣ ከዚያው ደጃፍ ብዙ ሳይርቅ፣ ምንም ሳይቀምስ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው እንዴት ሳይገናኙ ያድራሉ? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ጠይቀውታል፤ መልስም ሰጥተውበታል። አንዳንዱ መልስ የሚያኮራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ሌላ ችግር ያመጣ ነው።

አስቀድመን ሁለት ቃላት እንለይ። አማርኛችን «ትርፍ» ይላል፤ «ትርፍራፊ» ደግሞ ይላል። ትርፍ ገና ማንም እጁን ያላስገባበት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ የተገኘ ነው። ትርፍራፊ ግን ሌላው በልቶ፣ ጠግቦ፣ እጁን ታጥቦ ከተነሳ በኋላ የሚቀረው ነው። ሁለቱም ሆድ ይሞሉ ይሆናል። ግን የሚበላው ሰው ልዩነቱን አሳምሮ ያውቀዋል። ዛሬ የምናወሳው ታሪክ አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለ ነው።

ከመዲና እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ622 ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ ያቺ ትንሽ ከተማ ድንገት ብዙ እንግዳ ተቀበለች። ቤትም ዘመድም የሌላቸው ስደተኞች በመስጊዱ በስተኋላ ጥላ በተበጀለት ስፍራ ይጠለሉ ነበር። ስፍራው «ሱፋ» ይባላል፤ በዚያ የሚኖሩትም «አህሉ ሱፋ» ተባሉ። ብዙ ሐዲስ ያስተላለፉልን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ከረሃብ የተነሳ ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያስሩ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። እንግዲህ በከተማ ውስጥ ያለ ረሃብ ማለት ይህ ነው። ገበያው አጠገብ ነው፣ የተምር አትክልቱ አጠገብ ነው፣ ሰውየው ግን ይራባል።

ነቢያችን ምን አደረጉ? የሁለት ሰው ምግብ ያለው ሦስተኛ ሰው ይዞ እንዲሄድ፣ የአራት ሰው ምግብ ያለው አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ይዞ እንዲሄድ አዘዙ። አቡ በክር (ረ.ዐ) ሦስት ሰው ይዘው ሄዱ፤ ነቢዩ ራሳቸው አሥር ወሰዱ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ምግቡ ወደ ሰዎቹ አልተላከም፣ ሰዎቹ ናቸው ወደ ገበታው የተወሰዱት። ባለቤቱ በልቶ እስኪነሳ በር ላይ ቆመው አልጠበቁም።

ሌላም ልማድ ነበር። የተምር አትክልት ያላቸው አንሷሮች እንደየአቅማቸው አንድ ወይም ሁለት ዘለላ አምጥተው መስጊድ ውስጥ ያንጠለጥሉ ነበር። የራበው የሱፋ ሰው ሲመጣ ዘለላውን በበትሩ ይመታል፤ የወደቀለትን አንስቶ ይበላል። ማንንም አይለምንም፣ ማንም አያየውም። በዚህ መካከል ነው አንዳንዶች የደረቀና ፍሬ ያልያዘ፣ የተሰበረ ዘለላ አምጥተው ማንጠልጠል የጀመሩት። ቲርሚዚ ከበራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት የሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ቢሰጠው ዓይኑን ጨፍኖ ካልሆነ የማይቀበለውን መጥፎ ነገር መርጦ ለሌላ እንዳይሰጥ ተከለከለ። ይህ ጉዳይ ለእኛ የቅርብ ነው። የሻገተ እንጀራ ለይቶ «ለለማኝ አስቀምጡት» የሚባልበት ቤት ጥቂት አይደለምና።

ስለ አሽዐሪዮችም ማንሳት አለብን፤ የአገራችንን አፈር የረገጡ ናቸውና። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) እና ጓደኞቻቸው ከየመን በመርከብ ወደ መዲና ሲነሱ ነፋስ ወደ ሐበሻ ምድር አመጣቸው። እዚህ ከጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ተገናኙ፤ አብረው ቆዩ፤ በኸይበር ዘመን፣ በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ አብረው መዲና ገቡ። እነዚህ ሰዎች በዘመቻ ላይ ስንቃቸው ሲያልቅ ወይም በከተማ የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ ያላቸውን ሁሉ አንድ ጨርቅ ላይ ያፈሱታል፤ ከዚያም በአንድ መስፈሪያ እኩል ይካፈሉታል። ነቢያችን ይህን ልማዳቸውን አወድሰው እነርሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነርሱ ነኝ እስከ ማለት ደርሰዋል። በአሽዐሪዮች ዘንድ «የእኔ ተርፏል፣ የአንተ ጎድሏል» የሚል ክርክር የለም። መስፈሪያው አንድ ነው።

በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን፣ «ዓሙ-ር-ረማዳ» ወይም የአመዱ ዓመት የሚባለው ድርቅ መጣ። ዝናብ ጠፋ፤ ምድሪቱ አመድ መሰለች። የገጠሩ ዘላን ከብቱ ሲያልቅበት ወደ መዲና ጎረፈ። የገጠር ረሃብ መጨረሻው ከተማ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. በወሎ መንገዶችም ያየነው ይህንኑ ነው። ዑመር ከሻም እህል አስመጡ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) 4,000 ግመል ጭነት ይዘው እንደደረሱ ታሪክ ጸሐፊዎች ይዘግባሉ። በከተማዋ ትልልቅ ድስት ተጥዶ ሕዝቡ በአንድነት ይበላ ነበር። ኸሊፋው ራሳቸው ሕዝቡ እስኪያገግም ቅቤና ሥጋ ላለመቅመስ ማሉ፤ መልካቸው እስኪጠቁር ድረስ ዘይት በሉ። ችግሩ ካለፈ በኋላም ባያልፍ ኖሮ ሊያደርጉት ያሰቡትን ተናግረዋል። በየቤቱ ባለው ሰው ቁጥር ልክ የተራበ ሰው ሊያስገቡ ነበር፤ ሰው በግማሽ ሆዱ አይሞትምና። የሱፋው መልስ ነው፣ በአገር መጠን ሲሰፋ።

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር በወቅፍ ሥርዓት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1552 የሱልጣን ሱለይማን ባለቤት ኹረም ሱልጣን በቁድስ ከተማ ለድሆች ማብሰያ ቤት አቋቁመው የመንደሮችን ገቢ ወቅፍ አደረጉለት። ያ ማብሰያ ቤት ብዙ መንግሥታት አልፈውበትም ድሃ ሲያበላ ኖሯል። ሰው ይሞታል፣ ሱልጣን ይሻራል፤ ወጥ የሚሠራበት እሳት ግን በወቅፍ ምክንያት አልጠፋም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጎጃም የእህል አገር ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ አፋፍ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ ይመረታል። የእነማይ፣ የደጀን፣ የባሶ ሊበን ጤፍ በዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ግን የጎጃም ሙስሊም የራሱ ጎተራ የነበረው ሰው አልነበረም። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በክርስቲያኑ ደጋ አገር ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አይይዝም ነበር። አባቶቻችን ሸማኔና ነጋዴ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ስመ ጥር በነበረው የባሶ ገበያ፣ የጁቤ አካባቢ፣ ከግቤ ማዶ ከሚመጣው ሸቀጥ ጋር ይውላሉ፤ እህላቸውን ግን በገንዘብ ይገዛሉ። እህል የሚገዛ ሰው የዋጋውን መውጣት ከባለ ጎተራው ቀድሞ ይሰማዋል። ዛሬ በከተማ ያለው ድሃ ሁሉ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ በዚያ ቦታ ላይ ነው ያለው። የቀን ሠራተኛው፣ ብቻዋን የቀረች አሮጊት፣ ከቀዬው የተፈናቀለው ሁሉ ከገዛ ይበላል፤ ካልገዛ የለም።

እህል አገርም ቢሆን ይራባል። «ክፉ ቀን» የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሃብ ጎጃምንም አልማረም። አስቀድሞ በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ላይ ተቆጥተው በዘመቱ ጊዜ ሠራዊቱ የገበሬውን ጎተራ አራቁቶት ነበር። በላዩ ላይ ጣሊያኖች ወደ ምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የከብት በሽታ ደረሰ። በኢትዮጵያ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ያ ጊዜ ትርፍ የሚባል ነገር የጠፋበት ነው፤ የሚጋራ ነገር ከሌለ መጋራትም የለም። ይህን የምናነሳው በትርፍ ዘመን ያለን ሰዎች ትርፉን እንደ ዘላለማዊ ነገር እንዳናየው ነው።

በደርግ ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመና የጎጃም ገበሬ ከምርቱ «ትርፍ» የተባለውን በመንግሥት ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ሆነ። ዓላማው ከተማውንና ሠራዊቱን መመገብ ነበር። ነገር ግን ኮታውን የሚተምነው ጎተራውን ያላየ ሰው ነው። ኮታው ሲጎድልበት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ገበሬ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የካቲት መንግሥት የኢኮኖሚ መመሪያውን ሲለውጥ ኮታው ቀረ። እኛ ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። የሌላውን ሰው ትርፍ ሌላ ሰው ሊተምንለት አይችልም። ጎረቤታችንን «አንተ ተርፎሃል፣ አምጣ» ማለትም ያው ነው። ሰው የራሱን ድስት ራሱ ነው የሚያውቀው።

በጎጃም ምግብ የማዳኑ የቆየ ሥርዓት ያለው ግን ከመንግሥት ቤት ሳይሆን ከየደጃፉ ነው። የቤተ ክህነቱ የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየቤቱ ሲዞር የጎጃም እናት ቁራሽ ትሰጠዋለች። ተማሪው የሰበሰበውን እያደረቀ ኮቸሮ አድርጎ ያቆየዋል። ቅኔ ቤቶቹ በዚህ ቁራሽ ኖረዋል። ከእኛ ወገን ወደ ወሎ ሄዶ የቀራ ደረሳም ይህን ኑሮ ያውቀዋል፤ የሸኹን ዘንድ ይቀራል፣ የመንደሩ ቤት ያበላዋል። ሃይማኖቱ ሁለት ነው፤ አኗኗሩ ግን አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ሥርዓት የቆመው እናቶች ገና ከመብላታቸው በፊት ድርሻውን ለይተው በማስቀመጣቸው ነው። ድርቆሹንም አንርሳ። እንጀራ ሦስት ቀን ሲሞላው መሻገት ይጀምራል፤ ጸሐይ ላይ ከተሰጣ ግን ለወራት ይቆያል። ማቀዝቀዣ ሳይመጣ እናቶቻችን ያገኙት መላ ነው።

ከተማ ሲሰፋ ይህ ሥርዓት ላላ። በአዲስ አበባ «ቡሌ» የሚባል ነገር እንዳለ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከሆቴልና ከትልልቅ ምግብ ቤቶች የሰው እጅ የገባበት ምግብ በባልዲ ተደባልቆ ይወጣል፤ ያንን ለድሃ የሚሸጥም አለ። ሥጋው ከሩዙ፣ ሩዙ ከሰላጣው፣ ሰላጣው ከአጥንቱ ጋር። ትርፍራፊ ማለት ይህ ነው፤ በዚያ ላይ ዋጋ ወጥቶለታል። ከዚያ የባሰው ቆሻሻ መጣያ ላይ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከአካባቢው ሰው ብዙው ከተማ የጣለውን በመልቀም ይተዳደር እንደነበር አገር ሁሉ ሰማ። የሚያሳዝነው ምግቡ ከሆቴሉ ማድ ቤት ሲወጣ ገና ምግብ ነበር። ቆሻሻ ያደረገው መንገዱ ነው።

በውጭው ዓለም መንገዱን ለመለወጥ የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ የፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው አንዲት ልጆቿን ከሱቅ ቆሻሻ ውስጥ በምትለቅመው ምግብ የምታሳድግ እናት አገኘ። ገንዘብ በባንክ እንደሚቀመጥና እንደሚወጣ ለምግብም እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖር ብላ አጫወተችው። የመጀመሪያው የምግብ ባንክ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሳቡ የተራበች ሴት ሐሳብ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመናል። በግብጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው የምግብ ባንክ ከሆቴሎች ጋር ተስማምቶ ያልተነካውን ምግብ ከተነካው እየለየ ማሸግ ጀመረ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 ትልልቅ የገበያ አዳራሾች ያልተሸጠ ምግብ እንዳያጠፉ በሕግ ከለከለች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው ከየሰው ቤት ነው። ጥፋቱን ሆቴል ላይ ብቻ ለመለጠፍ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቁጥር አይመቸውም።

በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በመጣ ጊዜ «ማዕድ ማጋራት» የሚለው አባባል ከአዲስ አበባ ተነስቶ በየከተማው ተለመደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በአዲስ አበባ አቅም ለሌላቸው ሰዎች በቀን አንድ ጊዜ የሚያበሉ «ተስፋ ብርሃን» የተባሉ የምገባ ማዕከላት መከፈት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች ቻግኒ ላይ በመጠለያ ሲሰፍሩ ጎጃም ራሱ የሱፋ አስተናጋጅ ሆኖ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የደረሰው ግጭት ደግሞ መንገድ እየዘጋ፣ ሥራ እያስፈታ፣ በደብረ ማርቆስም የሚለምነውን ሰው አብዝቶታል። ማዕድ ማጋራቱ መልካም ነው። ከካሜራው ግን ቢላቀቅ እንወዳለን። አምስት ኪሎ ዱቄት ለመቀበል ፊቱን ለአገር ማሳየት ያለበት ሰው የዱቄቱን ዋጋ ከፍሏል።

እንግዲህ በከተማችን ነገሩ እንዴት ይሠራል? ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። ወጥ እንደ ቆላ ቶሎ አይበላሽም፤ ቢሆንም የተሠራ ወጥ ከእሳት ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞቅም ሳይቀዘቅዝም ከቆየ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚሰጠው ድርሻ እንግዳ ከመቀመጡ በፊት፣ ከድስቱ፣ ንጹሕ በሆነ ጭልፋ ወጥቶ በክዳን ዕቃ መቀመጥ አለበት፤ ሲሰጥም እንደገና መፍላት አለበት። ከሳህን ተራግፎ የሚሰበሰበው ለእንስሳ ይሁን፤ ለእንስሳም ምንዳ አለው።

ቀጥሎ የሥጋው ጉዳይ አለ፤ ውጭ አገር ያለ የምግብ ባንክ የማያውቀው፣ እኛ ግን የምናውቀው። በአገራችን ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ክርስቲያን ያረደውንም ሙስሊም አይበላም። ሰርግ ላይ ለየብቻ የምናርደውም ለዚሁ ነው። በደብረ ማርቆስ ከተራበው ሰው አብዛኛው ክርስቲያን ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) በግ ባሳረዱ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁ ወይ እያሉ ደጋግመው መጠየቃቸው ተዘግቧል። ታዲያ እኛ ለክርስቲያኑ ጎረቤት የዒዱን ሥጋ ብንልክለት ክብሩን መንካት ነው። የሚላከው እንጀራው፣ ዳቦው፣ ሽሮው፣ ምስሩ ነው። ያውም ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ቅቤ ያልነካው። ስለዚህ አስተዋይ የሆነች የቤት እመቤት ድግስ ስትደግስ አንዱን የሽሮ ድስት ለብቻው፣ በዘይት፣ ከሥጋው ማማሰያ አርቃ ትሠራለች። እንዲህ የሚያደርጉ እናቶች በከተማችን አሉ። ማንም አላስተማራቸውም። የሥጋው ትርፍ ደግሞ ወደ ሙስሊሙ ድሃ ይሄዳል፤ እርሱንም የመስጊዱ ጀመዓ በስም ያውቀዋል።

ረመዷን ሲመጣ ጉዳዩ የሰዓት ነው። ለኢፍጣር ወደ መስጊድ የሚላከው ምግብ አንዳንድ ቀን ከጾመኛው ይበልጣል። በተለይ ዓርብ ቀን፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት። ትርፉን ከተራዊሕ በኋላ እናድለው ብንል ወጡ ቀዝቅዟል፣ ተሸካሚው ደክሟል፣ በረንዳ የሚያድረውም ሰው ወደ ሌላ በረንዳ ሄዷል። መለየት ያለበት ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ዕቃው ገና ከየቤቱ ሲገባ ነው። ወጣቶቹም ተሸክመው ለመውጣት ያኔ ቢርባቸውም ጉልበት አላቸው።